ከድንገተኛው በር በፊት

በናይሮቢ ከተማ፣ ከመሀል ገበያው በስተደቡብ ምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው ሰፈር፣ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የተባለው ታላቅ የሕክምና ተቋም ይገኛል። ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ግርማ አለው። ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍሉ በሚያስገባው በር በኩል የቀረበ ሰው ግን ዐይኑ የሚያርፈው በበሩ ፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ነው። በአምቡላንስ የመጣ አለ፤ «ማታቱ» በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍሮ የመጣ አለ፤ በሞተር ብስክሌት ተፈናጥጦ ወይም በዘመድ ትከሻ ተደግፎ የደረሰም አለ። አንዱ ደም ይፈሰዋል፤ ሌላው ያቃስታል፤ ሦስተኛው ጸጥ ብሎ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ልምድ ያላት ነርስ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠጋው ወደዚህ ጸጥ ወዳለው ነው፤ ለመጮኽ ዐቅም ያጣ ሰው ለሞት የቀረበ ሊሆን ይችላልና።

ሆስፒታሉ ሥራውን የጀመረው በ1901 ነው። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ናይሮቢ ራሷ የተቆረቆረችው ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ ከሞምባሳ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውኃ» ብለው ከሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ በደረሰ ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ 40 አልጋዎች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ ስሙም ለአገሬው ተወላጆች የተለየ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። በ1952 በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ስድስተኛ ስም ተሰየመ፤ ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ስም ያዘ። ዛሬ ወደ 1,800 የሚጠጉ አልጋዎች አሉት። ይሁን እንጂ በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የናይሮቢ ነዋሪ ብዛት 4,397,073 ሆኖ ተገኝቷል፤ ሆስፒታሉም የከተማይቱ ብቻ ሳይሆን የመላው አገሪቱ የመጨረሻ መጠጊያ ነው።

የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ የናይሮቢ ሕዝብ በመራራ መንገድ የተማረበት ቀን አለ። ኦገስት 7 ቀን 1998 በከተማይቱ መሀል በነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቆሰሉ። ከዋናው ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ከተጠጉት የቢሮ ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹን የመስተዋት ስባሪ ፊታቸውንና ዐይናቸውን አቆሰላቸው። በዚያን ቀን ቁስለኛው ወደ ኬንያታና ወደ ሌሎቹ ሆስፒታሎች ጎረፈ፤ ደሙን ለመለገስ የመጣው ሕዝብም ረጅም ሰልፍ ሠራ። እንዲህ ላለው ቀን የተዘጋጀ ክፍል በዘወትር ቀን ሌላ ተቋም ሊሠራው በሚችለው ሥራ ተጨናንቆ ከሰነበተ፣ መዓቱ ሲመጣ ባዶ አልጋም፣ ያልደከመ ሐኪምም አይኖረውም።

በዘወትር ቀን በዚያ በር የሚሰለፉትን ሕመምተኞች ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው በሁለት ሊከፍላቸው ይችላል። የመጀመሪያዎቹ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ታይተው በአጭር ጊዜ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችሉ የነበሩ ናቸው፤ ጉሮሮው የቆሰለ፣ ጆሮው የሚያመው ሕፃን፣ ቁስሉን ሊያስጠርግ የመጣ፣ የሚወስደው መድኃኒት ያለቀበት። ሁለተኛዎቹ ግን ሌላ ናቸው። እነዚህ ዛሬ በእርግጥ የድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት አንድ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚያ ባልተገኙ ነበር። የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ድንገት ግማሽ አካሉ የተያዘ አባወራ፤ የስኳር በሽታ እንዳለባት ሳታውቅ ራሷን ስታ የወደቀች ወጣት፤ በተቅማጥ ምክንያት ውኃ ከሰውነቱ ያለቀ ሕፃን፤ ፊቷና እጇ ሲያብጥ «የእርግዝና ነገር ነው» ተብላ ቆይታ በመጨረሻ እየተንፈራገጠች የደረሰች ነፍሰ ጡር፤ እነዚህ ሁሉ ከዚህ ክፍል ናቸው።

ስለ ድንገተኛ ክፍል መጨናነቅ ሲወራ የሚወቀሱት ዘወትር የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጉሮሮው የቆሰለው ሰው ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ ይውላል እንጂ አልጋ አይዝም። አልጋውንም፣ ኦክስጅኑንም፣ የሐኪሙንም ሌሊት የሚወስደው ሁለተኛው ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም «ያለ ቦታህ መጣህ» ሊለው አይችልም። እንግዲህ የመጨናነቁ ሥር የሚገኘው በበሩ አጠገብ ሳይሆን ከበሩ ብዙ ርቆ፣ በሽታው ገና ስም ሳይወጣለት በተቀመጠበት ጓዳ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹም ቢሆኑ ምክንያት አላቸው። ከናይሮቢ ነዋሪ እጅግ ብዙው በኪቤራ፣ በማታሬ፣ በሙኩሩ፣ በኮሮጎቾና እነርሱን በመሳሰሉ የተጨናነቁ ሰፈሮች ይኖራል። ከእነዚህ ሰፈሮች ጎሕ ሲቀድ የሚወጣው ሠራተኛ በስዋሂሊ «ኪባሩዋ» የሚባለውን የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ፋብሪካዎቹና ሕንፃ ወደሚሠራባቸው ቦታዎች ይጓዛል። የዕለት ጉርሱ ከዕለት ሥራው ጋር የተቆራኘ በመሆኑ፣ ጠዋት ተከፍቶ ወደ ማታ የሚዘጋ አነስተኛ ክሊኒክ ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። አንድ ቀን ሥራውን ትቶ ቢሄድ እንኳ መድኃኒቱ አልቆ፣ ወይም የደም ምርመራውን ሌላ ቦታ አሠርተህ ና ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ መድኃኒት መሸጫው ይሄዳል፤ ሕመሙን ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ የታዘዘውን ሁሉ መግዛት ስለማይችል አራት አምስት ፍሬ ገዝቶ ይመለሳል። ሕመሙም ለጊዜው ይታገሥለታል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሌሊት፣ ትንፋሹ ሲያጥር ጎረቤት ተጠርቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይወሰዳል። በመንደሩ ጠባብ መተላለፊያ መኪና ስለማይገባ እስከ አስፋልቱ የሚደርሰው በሸክም ወይም በእጅ ጋሪ ነው። በእርሱ ቦታ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ይህ አካሄድ ከድንቁርና የመጣ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ፣ ሐኪሙና መሣሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ያ በር ብቻ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃልና።

ሕጉም ይህ በር እንዲዘጋ አይፈቅድም። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይነፈግ ይደነግጋል። ድንጋጌው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሌሎቹ በሮች በልዩ ልዩ ምክንያት ሲጠቡ፣ በሕግ የተከፈተው አንዱ በር የሁሉንም ሸክም መሸከሙ አይቀርም። ኬንያ በ1989 መገባደጃ ላይ ታካሚው የሕክምናውን ወጪ እንዲጋራ የሚያደርግ ክፍያ በመንግሥት ተቋሞች ደንግጋ ነበር። የታካሚው ቁጥር ስለቀነሰ በሚቀጥለው ዓመት ከክፍያው ከፊሉ ታገደ፤ ኋላም እንደ ገና ተመለሰ። በ2004 በአነስተኛ ክሊኒኮች 10፣ በጤና ጣቢያዎች 20 ሽልንግ ብቻ እንዲከፈል ተወሰነ፤ በ2013 ይህም ጨርሶ ተሰረዘ፤ በመንግሥት ተቋሞች መውለድም ያለ ክፍያ ሆነ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ደንቡ ይህን ያህል ጊዜ ሲለዋወጥ፣ ድሃው ሰው ክሊኒኩ በዚህ ወር ይጠይቀው አይጠይቀው እንደሆነ እርግጠኛ ሊሆን ባይችል አያስደንቅም።

መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የምሥራቃዊው ክፍል ሕዝብ በቅርቡ እንዲታከም በማሰብ፣ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው የማማ ሉሲ ኪባኪ ሆስፒታል በ2011 ተከፈተ። በኪቤራ አጠገብ ያለው የምባጋቲ ሆስፒታልም ቀድሞ የተላላፊ በሽታዎች መታከሚያ የነበረ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ወደ ጠቅላላ ሆስፒታልነት ተለውጧል። እነዚህ የተመሰገኑ ሥራዎች ናቸው፤ አዲሶቹ አዳራሾች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሞሉ። ከታችኛው ተቋም የማስተላለፊያ ወረቀት ያልያዘ ሰው በትልቁ ሆስፒታል እንዳይስተናገድ ማድረግም አንዱ መላ ሆኖ ይነሣል። በበሩ ላይ ወረቀት የሚጠይቅ ዘበኛ በሽተኛውን ሊመልሰው ይችል ይሆናል፤ በሽታውን ግን አይመልሰውም።

የኬንያ የጤና አገልግሎት በስድስት ደረጃዎች የተከፈለ ነው። ስድስተኛው ደረጃ እንደ ኬንያታ ያሉት ብሔራዊ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከዚያ ወደ ታች ሲወረድ መለስተኛ ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና አነስተኛ ክሊኒኮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ግን ሕንፃ የለውም፤ የሕዝቡ መኖሪያ ቤት ራሱ ነው። ይህን የደነገገው በ2006 የወጣው የኅብረተሰብ ጤና መርሐ ግብር ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ይቀድማል።

በ1970ዎቹ በምዕራብ ኬንያ፣ በካካሜጋ አውራጃ፣ ሚሪያም ዌሬ የተባሉ ሐኪም አዲስ ሥራ ጀመሩ። ዌሬ ወደ ሕክምና ከመግባታቸው በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት የነበሩ ሲሆን፣ ልብ ወለድም ጽፈዋል። በካካሜጋ የመንደሩ ሰው ስለ ራሱ ችግር ራሱ እንዲመክር፣ ከመካከሉም የሚያምነውን ሰው የጤና ሠራተኛ አድርጎ እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡትም ሰዎች መጸዳጃ ማስቆፈርን፣ ሕፃናትን ማስከተብንና የመሳሰለውን ተምረው ጎረቤቶቻቸውን ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዘመን በቻይና የገጠር ገበሬዎችን የሚያክሙ «ባዶ እግር ሐኪሞች» በዓለም ስማቸው ገንኖ ነበር፤ በ1978ም የ134 መንግሥታት መልእክተኞች በአልማ አታ ከተማ ተሰብስበው ጤና ከመንደር እንዲጀመር የሚል መግለጫ አወጡ። የካካሜጋው ሥራ ግን መግለጫውን ሳይጠብቅ የተጀመረ ነው። ዌሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ተጠሪ ሆነው በአዲስ አበባ ያገለገሉ በመሆናቸው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። በ2008 የጃፓን መንግሥት በሂዴዮ ኖጉቺ ስም ያቋቋመውን የአፍሪካ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀበሉት አንዷ ሆነዋል።

በገጠር የተፈተነው ይህ ዘዴ በከተማ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ወደ ኪቤራ መውረድ ይበጃል። ኪቤራ ስሟን ያገኘችው በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ኑቢያውያን ወታደሮች በሰፈሩበት ጊዜ ቦታውን «ጫካ» ብለው ስለ ጠሩት ነው። ዛሬ ዛፍ በብርቱ ፍለጋ የሚገኝባት ሰፈር ናት። ናይሮቢን የወለደው የባቡር ሐዲድ አሁንም በመካከሏ ያልፋል፤ ባቡሩ ሲመጣ ጥሩንባውን ይነፋል፤ በሐዲዱ ዳር አትክልትና ያረጀ ልብስ የዘረጉት ነጋዴዎች ለጥቂት ጊዜ ይነሡና ተመልሰው ይቀመጣሉ።

እንዲህ ባለው ሰፈር ለአንዲት የመንደር ጤና ሠራተኛ መቶ ያህል ቤቶች በኀላፊነት ይሰጧታል። ከሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ሴቶች ሲሆኑ የሚኖሩትም በዚያው መንደር ነው። ሠራተኛዋ ከደጃፍ ቆማ «ሆዲ!» ትላለች፤ በአማርኛ «ቤቶች!» እንደ ማለት ነው። ከውስጥ «ካሪቡ» የሚል ድምፅ ስትሰማ ትገባለች። በጀርባዋ ባዘለችው ቦርሳ ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መመርመሪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሚዛንና የሕፃናትን ክንድ የምትለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብ ይገኛሉ። ጥብጣቡ በሕፃኑ ክንድ ላይ ሲጠመጠም በአረንጓዴው ላይ ካረፈ ደኅና ነው፤ በቀዩ ላይ ካረፈ፣ ማለትም የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ሕፃኑ በብርቱ ተጎድቷልና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ ግን ሰዓት ነው። የሚያስል ሕፃን ባገኘች ጊዜ ልብሱን ገልጣ ደረቱን እየተመለከተች ለአንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳንባው ሳይታመም አልቀረም። እናቲቱ ጉንፋን ነው ብላ ልታልፈው የነበረው ሳል በዚያው ቀን መድኃኒት ያገኛል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ «ለምለም» በሚል ስም የታወቀውን የጨውና የስኳር ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥና በማንኪያ ደጋግሞ ማጠጣት፣ የዚንክ ፍሬውንም ለ10 ወይም ለ14 ቀናት መስጠት ማንም እናት ልትማረው የምትችለው ነው። በ2015 እና በ2017 ኮሌራ በናይሮቢ በተነሣ ጊዜ ይህ ትንሽ እውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታይቷል። በሰዓቱ ያልተሰጠው አንድ ሊትር ውኃ በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በመርፌ፣ በደም ሥር ሊገባ ይገደዳል፤ ያውም የደረቀውን የሕፃን ደም ሥር ፈልጎ ለሚያገኝ እጅ ነው።

ሕፃናቱን ማሳመን ቀላል ነው፤ እናቶቻቸው ሕመሙን በዐይናቸው ያዩታልና። ከባዱ ሥራ ምንም የማይሰማቸውን አዋቂዎች ማሳመን ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቤት ውስጥ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አናጢ ይገኛሉ። «ባባ፣ ዛሬ ክንድዎን ያውሱኝ» ትላቸዋለች። «እኔ ምን አመመኝና ነው ልጄ? ለታመሙት ሂጂላቸው» ይሏታል። ትስቃለች፤ ስለ ሥራቸው ትጠይቃቸዋለች፤ ሻይ ሲቀርብላት ተቀምጣ ትጠጣለች። በሦስተኛው ጉብኝት ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። መለኪያው ከ140 በ90 በላይ ቢያሳይ ወዲያው አታስደነግጣቸውም፤ በሌላ ቀን ተመልሳ እንደ ገና ትለካለች፤ አሁንም ከፍ ካለ የማስተላለፊያ ወረቀት ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያው ትልካቸዋለች። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራዋ ለተመልካች አሰልቺ ነው። በየወሩ እየመጣች መድኃኒቱን ይውሰዱ አይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ አይቀንሱ ትጠይቃለች። ደኅንነት ሲሰማቸው መድኃኒቱን ቢያቆሙ እንደ ገና ትለምናለች። ይህ ሁሉ ልፋት ተሳካ የሚባለው ምንም ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው፤ አናጢው በአንድ ሌሊት ምላሳቸው ሳይተሳሰር፣ ቀኝ እጃቸው መዶሻ እንደ ጨበጠ ዓመቱን ሲጨርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ድል ጋዜጣ አይጽፈውም፤ የበጀት ሹምም በቀላሉ አያየውም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው በከንቱ አይደለም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ሆነው ለሚኖሩ፣ ግድግዳቸውም ቆርቆሮ ለሆነ ሰዎች፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ወሬ ከጎረቤት ጆሮ ከደረሰ የቤት ኪራይም የሥራም ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛይቱ ከመለኪያው ሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት የተዘጋ አፍ ነው። የመንደሯ ልጅ መሆኗ በዚህ ረገድ ሁለት ስለት አለው፤ ስለሚያውቋት ያምኗታል፤ ስለምታውቃቸውም ይፈሯታል። ቋንቋም ሌላው ችግር ነው። በኢስትሌይ ሰፈር ሶማሊኛና ኦሮምኛ፣ አማርኛም በየደጁ ይሰማል። ስዋሂሊ ያልለመደ እንግዳ «ሆዲ» የምትለውን ሴት ገንዘብ ጠያቂ መስላው በሩን ሊዘጋባት ይችላል፤ ኋላ ሲታመም የሚታየው ምልክት ትልቁ ሆስፒታል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲነገር አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የመንደር ጤና ጥበቃ በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሕክምና ተቋም የሚሄደው ሰው ቁጥር አይቀንስም፤ ይጨምራል። ምክንያቱም መቶ ቤት የሚዞር ሰው ተደብቆ የቆየውን በሽታ ሁሉ ያወጣዋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ አስተዳዳሪ ዘዴው ከሸፈ ብሎ ሊያቋርጠው ይችላል። የሚለወጠው መጀመሪያ መልኩ ነው፤ ሌሊት በሸክም የሚመጣው ሰው ቀን በእግሩ ይመጣል፤ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው በተመላላሽ ክፍል ይታያል። ይህም የሚሆነው በመካከል ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ካለው ነው። ሠራተኛይቱ ለምና የላከቻቸው አናጢ ከጤና ጣቢያው ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ፣ ያፈሩት በእርሷ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ክንዳቸውን አይዘረጉላትም። አንድ የጎደለ የኪኒን ካርቶን የአንድ ዓመት ልፋት የሚያፈርሰው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የእነዚህ ሴቶች የራሳቸው ኑሮ ነበር። መርሐ ግብሩ ከወጣበት ከ2006 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ስማቸው «ፈቃደኛ» ነበር፤ ይኸውም ደመወዝ የላቸውም ማለት ነው። አንዳንድ አካባቢ ጥቂት አበል ሲሰጥ፣ በሌላው ጨርሶ አልነበረም። በጎ ፈቃድ የተመሰገነ ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ልብስ አጥባ ወይም አትክልት ሸጣ የምታድር ሴት መቶ ቤት ለመዞር የምትሰጠው ጊዜ ከልጆቿ እንጀራ ላይ የተቆረሰ ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2023 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ከ100,000 ለሚበልጡ የመንደር ጤና ሠራተኞች ሥራውን በይፋ ሲያስጀምሩ፣ ስማቸው ከፈቃደኝነት ወደ ጤና አጎልባችነት ተለወጠ፤ ቦርሳውና መሣሪያው ተሰጣቸው፤ ግማሹን ማዕከላዊው መንግሥት፣ ግማሹን የየአካባቢው አስተዳደር የሚችለው 5,000 ሽልንግ የወር አበልም ተቆረጠላቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ሕግ ወጣ። ክፍያው በጊዜው አልደረሰንም የሚል አቤቱታ ግን ከዚያ በኋላም ከልዩ ልዩ አካባቢዎች ተሰምቷል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዛለች። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረው በጤና ኬላ ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ለከተሞች የሚሆነው በ2009 ተጨመረ፤ ለዚያም ነርሶች ተመረጡ። በ2000 ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት 166 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበር፣ በ2016 ግን ቁጥሩ ወደ 67 ዝቅ ማለቱን በየጊዜው የተደረጉት አገር አቀፍ ጥናቶች ያሳያሉ። ለውጡ የእነዚህ ሴቶች ብቻ ሥራ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ያለ እነርሱ ይሆን ነበር ማለትም ድፍረት ነው። ኬንያ ደመወዙን ለማሰብ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያዋ ሠራተኛ በመንግሥት ተመድባ የምትመጣ ስትሆን፣ የካካሜጋው ሐሳብ መንደርተኛው ራሱ ይምረጣት የሚል ነበር። ደመወዝና የመንደሩ ምርጫ አብረው የማይሄዱበት ምክንያት የለም።

ናይሮቢ ደግሞ ከካካሜጋም ከኢትዮጵያ ገጠርም የማይገኝ የራሷ ችግር አላት። በኤምባካሲ በኩል ፓይፕላይን በሚባለው ሰፈር ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች ተጠጋግተው ስለ ቆሙ በመካከላቸው ፀሐይ በጭንቅ ይገባል። በአንድ ደረጃ ላይ ያሉት ክፍሎች ብቻ የአንድ ትንሽ መንደር ያህል ሰው ይይዛሉ። በዚህ ቦታ መቶ ቤት ለመጎብኘት ወንዝ መሻገር አያስፈልግም፤ ደረጃ መውጣት ነው። ሆኖም ሥራ ያጣው ይለቃል፣ ኪራይ የተጨመረበት ይለቃል፣ የተጣላ ይለቃል። ሠራተኛይቱ ባለፈው ወር የደም ግፊቱን ለክታ የመዘገበችውን ሰው ልትጠይቅ አምስተኛው ፎቅ ወጥታ «ሆዲ» ስትል፣ በሩን የሚከፍትላት የማታውቀው ፊት ነው። የቀድሞው ተከራይ ወዴት እንደሄደ ጎረቤቶቹ አያውቁም። መድኃኒቱን ይዞ ሄዶ እንደሆነም የሚነግራት የለም። ሰላምታዋን አቅርባ፣ ፈቃድ ጠይቃ ትገባለች፤ በመዝገቡ ላይ የነበረውን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ አዲሱን ከጎኑ ትጽፋለች፤ ከዚያም ቦርሳዋን ከወለሉ ላይ አስቀምጣ መለኪያውን ታወጣለች።